በሲሚንቶ ወረቀት ላይ ያሉ መርከቦች

እኛ ቤት ሳሎን ግድግዳ ላይ መጋረጃ ያለው ሥዕል አለ። መስኮት መስሎት ሊከፍተው የሚነሳ እንግዳ አጥተን አናውቅም። መጋረጃውን ያሰፉት አያቴ፣ የአባቴ አባት፣ ናቸው። የሰፈራችን ሼህ ሰው የተሳለበትን ነገር በሚሰገድበት ክፍል መስቀል ነውር ነው ብለው ቢቆጧቸው፣ አያቴ ሥዕሉን ማውረድ አልሆንላቸው አለና ከሱቃቸው አበባ ያለው ጨርቅ ቀድደው ጋረዱት። ሶላት ሲደርስ ይጋረዳል፣ እንግዳ ሲመጣ ይገለጣል። ሼሁም ጥቂት ጊዜ አኩርፈው ተዉት።

ወረቀቱ የሲሚንቶ ከረጢት ነው። የተሳለው በከሰል ሲሆን ባሕሩ ብቻ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጫጭሯል። መርከቦች ጢስ እየተፉ ውኃው ላይ ናቸው፤ ወደቡ ላይ ሰው ግጥም ብሏል። አብዛኛው ወታደር ነው። እጁን ያነሳ አለ፣ ሸሚዙን አውልቆ የሚያውለበልብ አለ፣ ውኃ ውስጥ እስከ ወገቡ የገባ አለ። በስተቀኝ ጥግ፣ ከሕዝቡ ተነጥላ፣ አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ወደ ተራራው ትሄዳለች። እጇ ላይ ምንም የለም። እኛ አገር ሴት ባዶ እጇን ስትሄድ ብዙ አይታይም፤ ሌላው ቢቀር ጃንጥላ ትይዛለች።

የእናቴን ዕድሜ የበላው ይህ ወረቀት ነው። እናቴ ባል አላት ወይስ የላትም? ሌላ ማግባት ትችላለች ወይስ አትችልም? ይህ ጥያቄ እኛ ቤት የተፈረደው በዚህ ሥዕል ትርጉም ነው፤ ተርጓሚዎቹ ደግሞ ባሕር አይተው የማያውቁ ሰዎች ነበሩ።

አባቴ መቱ ውስጥ የሱቅ ታፔላ እየጻፈ የሚያድር ሰው ነበር። አንድ ጸጉር ቤት በር ላይ የሳለው ጎፈሬው የተከመረ ሰውዬ እኔ ሁለተኛ ደረጃ እስክገባ ድረስ ዝናቡን ችሎ ቆይቷል። የአባቴን መልክ ስጠየቅ የሚመጣብኝ የዚያ የጎፈሬው ሰውዬ ፊት ነው፤ ሌላ ምን ላስታውስ? በደርግ መጨረሻ ዓመታት በአፈሳ ወሰዱት። ቀይ ባሕር ዳር ወደብ ይጠብቃል የሚል ወሬ ደረሰን፤ ከዚያ መንግሥት ተለወጠና ወሬውም ጠፋ። አብረውት ከተወሰዱት አንዳንዶቹ እግራቸውን እየጎተቱ ተመለሱ፣ የአንዳንዶቹ መርዶ መጣ። ለኛ ሁለቱም አልመጣልንም። እናቴ ያኔ ገና ሠላሳ አልሞላትም።

ክልሉ ኦሮሚያ ተብሎ የየመሥሪያ ቤቱ ታፔላ በቁቤ ተለውጦ ባለቀ ሰሞን አንድ ሰው መጣ። አውቶቡስ ተራ እንደወረደ የአያቴን ሱቅ ጠየቀና፣ ከልጃቸው ዘንድ ነው የመጣሁት ብሎ ተናገረ። ስህተቱ እሱ ነው። መቱ ውስጥ ወሬ ሁልጊዜ ከሰው ይቀድማል። ሰውየው አንድ ሻይ ጠጥቶ ወደ ቤታችን እስኪደርስ በጉ ታርዶ ተገፍፎ ነበር። እኛ ዘንድ ደግሞ የምሥራች ነጋሪ በደረቅ ጉሮሮ አይናገርም፤ አስቀድሞ ይበላል፣ ይመረቃል፣ ትከሻው ላይ ጋቢ ይጣልለታል። ይዞት የመጣው ምን ዓይነት ወሬ እንደሆነ የጠየቀው ሰው አልነበረም። የምሥራች እንዲሆን ሰፈሩ በሙሉ ወስኖለት ነበር።

አያቴ በር ድረስ ወጥተው "ባጋ ነጋን ዱፍቴ!" እንኳን በሰላም መጣህ እያሉ አቀፉት። ከዚያ አንዲት ቃል ጠየቁት።

"ጅራ?" አሉ። አለ ወይ ማለታቸው ነው።

"ጅራ" አለ ሰውየው።

ከዚያ በኋላ እልልታው ሌላ ነገር አላስሰማም። እናቴ ጓዳ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቢላዋውን እንደያዘች መሬት ላይ ዝርግት ብላ ተቀመጠች። አጠገቧ ነበርኩ፤ እያለቀሰች ይሁን ሽንኩርቱ ይሁን ዛሬም አላውቅም።

"ይመጣል?" አሉ አያቴ፣ ሁሉም ጸጥ ሲል።

ሰውየው ትከሻው ላይ ያለውን ጋቢ አየ፣ ፊቱ የቀረበውን ሥጋ አየ፣ በየጥጉ የታጨቀውን ሰው አየ፤ አንገቱን ደፍቶ "ኢንሻአላህ" አለ። ቀጥሎ ከብብቱ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣና ዓይኑን ወደ ጓዳው በር ላከ። "ለባለቤቱ ነው የላከው" አለ።

"ለሷ ማለት ለኔ ማለት ነው" ብለው አያቴ እየሳቁ ተቀበሉት። ሰውየው አንዴ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። የሰው ሚስት ለብቻዋ ላነጋግር ብሎ መጠየቅ ደግሞ ከእንግዳ አይጠበቅም። በማግስቱ የያዮ ማርና አንድ ቁና ቡና ተሸክሞ በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄደ።

አያቴ መርከብ አይተዋል። የጉዱ ሁሉ መነሻ ይህ ነው። በልጅነታቸው ከነጋዴዎች ጋር የጎሬን ቡና በበቅሎ ጭነው ጋምቤላ ይወርዱ ነበር። ያኔ ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ ከሱዳን መርከብ ይመጣል፤ ጨውና አቡጀዲ ያራግፍና ቡና ጭኖ፣ ውኃው ሊጎድል ሲል ይሄዳል። በዓመቱ ባሮ ሲሞላ ያው መርከብ እያጨሰ ይመለሳል። ስለዚህ ለአያቴ መርከብ ማለት የሚመለስ ነገር ነው። ሲሄድ ቆሞ ያለቀሰለት ሰው አይተው አያውቁም፤ ሁሉም ወደ ጎሬ ተመልሶ የሚቀጥለውን ቡና ያደርቃል። መርከብ ሄዶ ሊቀር ይችላል ቢሏቸው፣ ክረምት ላይመጣ ይችላል የተባሉ ያህል ይስቁ ነበር።

በዚህ ምክንያት አባቴ የሚጠበቀው በክረምት ሆነ። ሰኔ በገባ ቁጥር እናቴ ቤቱን ትለቀልቃለች፣ የአባቴን ልብስ ከሳጥን አውጥታ ሻጋታውን ታራግፋለች፣ አያቴ መናኸሪያ ሄደው ከጋምቤላ የሚመጡ ሾፌሮችን "ባሮ ሞላ?" እያሉ ይጠይቃሉ። ሾፌሮቹ መጀመሪያ ላይ ይስቁ ነበር፤ በኋላ ለምደዋቸው "ሞልቷል አባባ" ማለት ጀመሩ። የኢሉባቦር ክረምት ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ከገባ መውጫ የለውም። እስከ ጥቅምት እየዘነበ እናቴ ትጠብቃለች። ከባሮ ጋር ቀይ ባሕርን ምን አገናኘው ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። እኔ ጂኦግራፊ ተምሬ መጥቼ ካርታ ዘርግቼ አሳየኋቸው። አያቴ ካርታውን አገላብጠው አይተው፣ ውኃ ከውኃ ጋር የማይገናኝበት ቦታ አሳዪኝ አሉኝ።

አሥረኛ ክፍል እያለሁ እናቴን የፈለገ ሰው መጣ። የጎሬ ልጅ ነው፣ ልብስ ሰፊ፣ ሚስቱ ሞታበት ብቻውን የሚኖር። ሲንጀሩን ከአያቴ ሱቅ ፊት ለፊት በረንዳ ላይ አስቀምጦ ይሰፋል። እናቴ የማይቀደድ ልብስ ሁሉ መቀደድ ጀመረባት። ዛሬ የኔ ጉርድ፣ ነገ የትራስ ልብስ። አንድ ቀን ልብስ ስንሰበስብ ቆም አለችና "ሲስቅ ደስ ይለኛል" አለችኝ። እናቴ ደስ ይለኛል የሚለውን ቃል ስለ ራሷ ስትናገር ከዚያ በፊት ሰምቻት አላውቅም። እኔም ደስ አለኝ። እንዲያውም ስሙን ከስሜ ኋላ አድርጌ ስጠራው እንዴት እንደሚሆን በልቤ ሞክሬዋለሁ፤ አባት አጥቶ የኖረ ሰው ይህን ቢያደርግ አይፈረድበትም።

ሰፊው ሽማግሌ ላከ። አያቴ ሽማግሌዎቹን በክብር አስቀመጡ፣ ሻይና ሐልዋ አቀረቡ፣ ከዚያ ተነስተው መጋረጃውን ገለጡት። እናቴና እኔ ጓዳ በር ላይ ቆመን እንሰማለን።

"ጢሱን እዩልኝ" አሉ በበትራቸው እያመለከቱ። "ጢሱ የቀረው ወደ ውኃው ነው። የሚሄድ ነገር ጢሱን ወደ ኋላ ነው የሚተው። እንግዲህ ጢሱ ወደ ባሕሩ ከቀረ፣ መርከቡ ወዴት እየመጣ ነው?"

"ወደ መሬት" አሉ ሽማግሌዎቹ።

"ወደ መሬት! ይህ ሁሉ ሰው እጁን ያነሳውስ ለምንድን ነው? ለአቀባበል ነው። እኛም ባሮ ዳር እንዲሁ ነበር እጃችንን የምናነሳው። ይቺ ሴትዮስ ማን ትመስላችኋለች?"

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን አስግገው አዩ።

"የልጄ ሚስት ናት። መርከቡን አይታ ቤቷን ልታሰናዳ ወደ አገሯ እየሮጠች ነው። ባሏ የሚመጣላትን ሴት ለሌላ ልዳር ትላላችሁ?"

ከሽማግሌዎቹ መሃል በዕድሜ የገፉት፣ እሳቸውም በልጅነታቸው ጋምቤላ ወርደው የሚያውቁ፣ "ዱጋ፣ እውነት ነው፣ መርከብ አይቀርም" ብለው መሰከሩ። በቃ፣ እዚያ ላይ አለቀ። ሰው ሕይወቱን በፍርድ ቤት ይቀማል፣ በጉልበት ይቀማል፤ እናቴ በጢስ ተቀማች። በኋላ ጉዳዩ ቃዲው ዘንድ ሲደርስ አያቴ ሥዕሉን ከነመጋረጃው በብብታቸው ይዘው ሄዱ። ቃዲውም ከባሏ በሕይወት ያለሁ የሚል መልእክት ለመጣላት ሴት ምንም ላደርግ አልችልም ብለው መለሷት። እናቴ ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ሰፊው አንድ ቃል አልተናገረችም። ቡና ለቀማ ደርሶ ስለነበር ያዮ ወደ አያቴ ማሳ ወረደች፤ ስትመለስ እጇ በቁጥቋጦ ተቦጫጭሮ ነበር። ሰፊው ሲንጀሩን አንስቶ ወደ ጎሬ ተመለሰ፣ ዓመት ሳይሞላው ሌላ አገባ። ምን ያድርግ? እሱን መውቀስ አልችልም። አያቴን ግን እወቅሳለሁ፤ ዛሬም እወቅሳለሁ። ልጃቸውን በሞት ላለማጣት ሲሉ የሰው ልጅ ገደሉ።

ዩኒቨርሲቲው መቱ ከተከፈተ በኋላ ሥዕሉ አዲስ ተርጓሚ አገኘ። እኔ ያኔ ከዞን መሥሪያ ቤቶቹ አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት ከፍቼ ነበር፤ አንድ መምህር ፈተና ሊያባዛ ሲመላለስ ተዋወቅንና ወሬ ሰምቶ ሊያየው መጣ። ወጣት ነው፣ መነጽሩ ብቻ ያረጀ። ሥዕሉን በስልኩ ደጋግሞ አነሳው፤ ከሳምንታት በኋላ በአንድ አዳራሽ ንግግር አደረገበትና እኛንም ጠራን። መርከቦቹ የሚያልፉ መንግሥታት ናቸው አለ። ሕዝቡ በየዘመኑ ወደብ ላይ የሚጣለው ድኻ ነው። ጀርባዋን የሰጠችው ሴት ደግሞ ልጆቿን የከዳች እናት አገር ናት። ሰው አጨበጨበ። እናቴ በነጠላዋ አፏን ይዛ "እኔ ማንን ከዳሁ?" አለችኝ። አያቴ በሥዕሉ ውስጥ ያለችው አንቺ ነሽ ካሏት ወዲህ እሷም ሳትወድ ስሙን ተሸክማዋለች። መምህሩን አልጠላሁትም፤ ክፉ ሰው አልነበረም። ግን እሱም እንደ አያቴ ነው፤ ሥዕሉ ላይ ያየው እቤቱ ይዞት የመጣውን ነው።

አምና፣ መንገዱ ሰላም በሆነ በአንዱ ሰሞን፣ ከዘራ የያዘ ሽማግሌ ፎቶ ኮፒ ቤቴ በር ላይ ቆመ። ፊቱ አባብጧል፣ ሲተነፍስ ይሰማል። የሚያባዛ ነገር ያለው መስሎኝ እጄን ዘረጋሁ።

"የታፔላ ጸሐፊው ልጅ አንቺ ነሽ?" አለኝ።

"አዎ፣ ጋሼ።"

"እኔ ያን በግ የበላሁት ሰው ነኝ።"

ወንበር ሰጠሁት። ሐኪም ብዙ ጊዜ እንደሌለው ነግሮታል፤ አማና፣ የሰው አደራ፣ በልታ የምትሞት ነፍስ አትሁን ብሎ ነው ከነቀምት ድረስ የመጣው። አልተቀመጠም፤ እንደ ቆመ ነገረኝ። መርከቡ የመን አራግፏቸው ካምፕ ውስጥ ሳሉ፣ አባቴ በሱና በሌላ ሰው ፊት "ሚስቴን ፈትቻታለሁ" ብሏል። አገር የሚመለስ ሰው አልነበረም፤ ፈርቷል፣ ደክሞታልም። ወጣት ናት፣ አትጠብቀኝ፣ ታግባ፣ ብሎ ላከው። እናቴ ማንበብ ስለማትችል፣ ጽሑፍ ቢልክ ሌላ ሰው እንዳያነብላት ብሎ ሥዕል ሳለላት። ሰውየው ሥዕሉን በእጇ ሰጥቶ ቃሉን በጆሮዋ ሊነግር ነበር የመጣው።

"ታዲያ ለምን አልነገርክም?" አልኩት። አንተ ማለቴ እንኳ አልተሰማኝም።

"በጉ ታርዶ ነበር" አለ። "ሴቶቹ እልል ብለው ነበር። አባትየው አቅፈውኝ ነበር። እንዴት ብዬ?"

"በኋላስ? ሲመለሱ አባቴን ምን አሉት?"

ከዘራውን መሬት ላይ አሸው። "አደረስክ ወይ አለኝ። አደረስኩ አልኩት። ምን አለች አለኝ። እሺ ብላለች አልኩት።"

አባቴ እዚያ በዓመቱ ሌላ አግብቷል። ልጆች ወልዷል። የሞተው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው፣ በሕመም፣ አልጋው ላይ። እኛ ልብሱን ከሻጋታ ስናራግፍ እሱ ሌላ ልብስ ለብሶ ይኖር ነበር፤ እናቴም መርቃ የሸኘችው ይመስለው ነበር። ሰውየውን ልመታው ፈልጌ ነበር። ሱቁን ዘግቼ ባጃጅ ጠራሁ።

እናቴ በረንዳ ላይ ቡና እየለቀመች አገኘናት። ሰውየው ለኔ የነገረኝን ሁሉ ለሷም ነገራት፣ አልቀነሰም። ነግሮ ሲጨርስ ሥዕሉን ማየት ፈለገ። መጋረጃውን እኔ ገለጥኩለት።

"መርከቡ ላይ ሆነን ነው ይህን ያየነው" አለ። "ለዚህ ነው የሰዉ ፊት ወደኛ የሆነው። ጢሱን ነፋስ ነበር የሚያዞረው፣ ከመሬት የሚመጣ ነፋስ። እጃቸውን ያነሱት ውሰዱን እያሉ ነው። አልወሰድናቸውም።" ከዘራውን ወደ ሥዕሉ ጥግ ዘረጋ። "ይቺ አንቺ ነሽ። ወደብ ላይ አልነበርሽም፤ እሱ ነው የጨመረሽ። ወደ አገርሽ ተራራ፣ ዞር ብለሽ ሳታዪ፣ የሱን አንዳች ነገር ሳትሸከሚ እንድትሄጂ ብሎ ነው ባዶ እጅሽን ያደረገሽ።"

እናቴ ወደ ሥዕሉ ጠጋ ብላ ያቺን ሴት በጣቷ ነካቻት። "እኔ እኮ በዚች ሴት እቀና ነበር" አለች። "አንቺ ነሽ ሲሉኝ አላመንኩም። የት ነው የምትሄደው፣ ማን ፈቀደላት እል ነበር።"

"አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ" አለ ሰውየው።

"በቃሉ ነው የፈታኝ? በአንደበቱ?"

"በአንደበቱ።"

"ታዲያ ዒዳዬ መቼ አለቀ?"

ሰውየው የተፈታች ሴት ሌላ ከማግባቷ በፊት የምትቆጥራቸውን ወራት በልቡ አሰላ። "በጉ በታረደ ጊዜ ሊያልቅ ጥቂት ነበር የቀረው" አለ። እናቴ ፊቷ ላይ ምንም አልታየም። ያ ሁሉ ክረምት፣ ያ ሁሉ መለቅለቅ፣ ያ ሰፊ። እኔ አለቀስኩ፤ ስለ አባቴ አልነበረም፣ ስለ ሲንጀሩ ድምፅ ነበር። እሷ የቀረውን ቡና ከጉያዋ አራግፋ ተነሳች። "የሽማግሌው ምሳ ሰዓት ደርሷል" ብላ ወደ ውስጥ ገባች።

አያቴ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። ከጀርባ ክፍል አልጋቸው ላይ ነው የሚውሉት፤ የምታጎርሳቸው፣ የምታጥባቸው፣ ለሶላት ውኃ የምታቀርብላቸው እናቴ ናት። ወንዶች ልጆቻቸው ለዒድ ይመጣሉ። እናቴ እንደ ሁልጊዜው ገንፎውን አቀዝቅዛ፣ አጠገባቸው ተቀምጣ፣ ፎጣ አንገታቸው ላይ አደረገችላቸው። እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። በሙሽርነቷ እዚያ ቤት ከገባችበት ቀን ጀምሮ ከአባባ በቀር በሌላ ስም ጠርታቸው አታውቅም፤ አማት ምራቱን የሚያውቀው በዚህ ነው።

"ይብሉ፣ ጋሼ" አለች። የመንገድ ሽማግሌ እንደምትጠራ።

አያቴ የጎረሱትን ማላመጥ አቆሙ። ዓይነ ስውር ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ፣ እጃቸው ፎጣውን ፈለገ።

"ማነሽ አንቺ?" አሉ።

"እንግዳ ነኝ" አለቻቸው። "አፍዎን ይክፈቱ፣ ጋሼ።"

ከፈቱ።